ለብቻዬ ማን ይሠራል?

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል ያገሬ ሰው። በልጅነታችን ይህ ተረት የሚመዘዘው ከመካከላችን አንዱ ከመሶብ ቁራሽ አንስቶ ከበር ኋላ ሲሸሸግ ነበር። ስለ አንዲት ቁራሽ እንጀራ ሞትን ያህል ነገር መጥራት ትንሽ ሳይበዛ አይቀርም፤ ቢሆንም ትምህርቱ ገብቶናል። ይኸው እስከ ዛሬ ምግብ ቤት ገብተን ለብቻችን ስንበላ፣ አጠገባችን ካለው ጠረጴዛ የማናውቀው ሰው ቁጭ ካለ «እንብላ» ካላልነው ጉርሻው አልወርድ ይለናል። እሱም «ብሉ፣ ይባረክ» ይለናል። ተነስቶ አይመጣም፤ እኛም ይመጣል ብለን አይደለም የጠራነው። ቃሉ ካልተባለ ግን አንድ ነገር የጎደለ ይመስለናል።

ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። ግሪካዊው ፈላስፋ ኤፒኩሮስ ከምግቡ በፊት አብሮ የሚበላውን ሰው መፈለግ እንደሚገባ፣ ለብቻ መብላት የአንበሳና የተኩላ ኑሮ እንደሆነ ያስተምር እንደነበር ሮማዊው ሴኔካ ጽፏል። ስለ ተኩላ ያለው ግን ትንሽ ሳይታረም አይቀርም። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በቦረናና በሳይንት መካከል ደንቆሮ የሚባል ጫካ አለ፤ ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ (ዘሩ ከተኩላ ነው) በቡድን ያድራል፤ ለአደን ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ይሠማራል። የያዛትን አይጥ እዚያው ለብቻው ቅርጥፍ አድርጎ ይበላና ወደ ቡድኑ ይመለሳል። ማንም «ብቻህን ትሞታለህ» ብሎት አያውቅም።

ተረቱን እየተቃወምኩ እንዳይመስላችሁ። ተረቱ የሚከስሰው እያለው የደበቀውን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ የሚደብቀው ሳይሆን የሚያካፍለው ሰው ያጣው፣ ኑሮ ለብቻው ያስቀመጠው። ይሄ ሰውዬ ራሱን ከተከሳሾቹ ጋር ይደምርና ለብቻው ደህና ምግብ ሠርቶ መብላት ነውር ይመስለዋል። «ለብቻዬ ማን ይሠራል?» ይልና ያገኘውን ቀማምሶ ይተኛል።

መንግሥት ሠራተኛ ሲመድብ እናትም፣ ሚስትም፣ ምጣድም አብሮ አይመድብም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ለማስተማር ወደ አጅባር ስሄድ የያዝኩት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንድ የኬሮሲን ምድጃና እናቴ በላስቲክ ደራርባ ጠቅልላ ያሸከመችኝ ሽሮና በርበሬ ነበር። አጅባር ብርድ ናት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በየቤቱ ገብቶ እሳት ከቦ ይቀመጣል። የሚከበብ እሳት የሌለው ላጤ ብቻ ነው። መምህሩ፣ የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ... ሁላችንም በየኪራይ ክፍላችን ነበርን።

የላጤን አበላል ያላየ ሰው ሊያምነኝ አይችልም። አብዛኛው ኮንትራት ይይዛል። ማለትም ከአንዲት ምግብ ቤት ጋር በወር ይዋዋልና የበላው በደብተር ይጻፍለታል። የኮንትራት ምግብ ደግሞ እንደምታውቁት ነው፤ ሰኞ ሽሮ፣ ማክሰኞም ሽሮ፣ ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሽሮ። ደመወዝ ሲዘገይ ደብተሩ ይከብድና ሰውዬው በዚያ መንገድ ማለፍ ይተዋል። ኮንትራት ያልያዘው መኮሮኒ ይቀቅላል። ቀቅሎም ሳህን ላለማጠብ ድስቱን ታቅፎ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ሻይ በዳቦ ቁርስም፣ ምሳም፣ እራትም ሆኖ የሚውልበት ቀን ነበር። አንዳንዱ ቆሞ ነው የሚበላው። ለምን እንደሚቆም ጠይቄ አላውቅም፤ ቁጭ ካለ መብላቱ የሚታወቅበት ይመስለው እንደሆነ እንጃ!

ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ የተለየ ነበር። ጤና ጣቢያ ነው የሚሠራው። ስሙን ትቼ «ሙሽራው» እያሉ የሚጠሩበትን ቅጽል ልጠቀም። ሙሽራው ማታ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ይቀይራል፤ ምድጃውን ይለኩሳል፤ ሠርቶ ሲያበቃ እጁን ይታጠባል፤ ትንሿን ሌማቱን አውርዶ እንጀራውን ይዘረጋል፤ ወጡን ይጨልፋል፤ ከዚያ ዱካው ላይ ተቀምጦ፣ ጸልዮ፣ ቀስ ብሎ ይበላል። ጓደኞቹ በመስኮት አይተው አይለቁትም።

«ይሄ ሁሉ ሽርጉድ ለማን ነው?»

«ለኔ ነዋ! እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? እናንተ ብትመጡ ድስቱን ነበር ወይ የማቀርብላችሁ?»

የሱ አከራይ ደግሞ በሌላ በኩል ይሉኝታ ይዟቸው ነበር። ወንድ ልጅ በግቢያቸው ሽንኩርት ሲከትፍ ጎረቤት ምን ይላል? «ተው ልጄ፣ ማጀት መግባት ደግ አይደለም፤ ከኛው ጋር ትቀምሳለህ» ይሉታል። አመስግኖ አንዳንድ ቀን ይቀምሳል፤ በማግሥቱ ሽንኩርቱን ይከትፋል።

የሮማ የጦር አዛዥ የነበረው ሉኩለስ ግብዣ በመደገስ ስሙ የታወቀ ነበር። ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ አንድ ማታ እንግዳ ባልነበረበት ዕለት ቀለል ያለ እራት አቀረቡለት። ሰውዬው ኃላፊውን አስጠርቶ ተቆጣው፤ ለካ ዛሬ ሉኩለስ እራሱ የሉኩለስ እንግዳ መሆኑን አልሰማህም ኖሯል አለው። ሙሽራው ፕሉታርክን ያነበበ አይመስለኝም። ደግሞም ሉኩለስ ሎሌ ነበረው፤ ሙሽራው ግን ድስቱን በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውኃ የሚያጥበው እራሱ ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርጎ ከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት ለዘብ ባለ እሳት ያቁላላል። ላጤ ሁሉ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሽንኩርት ትዕግሥት ይፈልጋል፣ የራበው ሰው ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ውኃ። ውኃው መፍላት ሲጀምር ሽሮውን በትንሽ በትንሹ ነስነስ እያደረገ ያማስላል፤ ሲንተከተክ ይተወዋል። አጠገቡ የተቀቀለ ድንች ወይም ጎመን፣ አንዲት ቃሪያ። ሲመቸው እንቁላል። ሌላው ላጤ ከሚያወጣው ብር የሚበልጥ ያወጣ አልነበረም። የሚበልጠው በግማሽ ሰዓት ነው።

ከሱ የተማርኩት ሌላው ነገር የደጋ ውኃ ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ላይ ናት። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሦስት መቶ ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ ያደገ ላጤ ባቄላ ጥዶ በአንድ ሰዓት ይበስላል ብሎ ከጠበቀ ኬሮሲኑ አልቆ ባቄላው እንደ ጠጠር ይጠብቀዋል። እሳቱን ቢጨምርም ለውጥ የለም፤ ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ሙሽራው ባቄላውንም ሽምብራውንም ማታ ዘፍዝፎ ያድራል። ክኩን ይቀቅለዋል፤ ምስሩን ይወደዋል፣ ቶሎ ስለሚበስል። ሽሮ የላጤ ወዳጅ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሽሮ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ተፈጭቶ የመጣ፣ ግማሹን መንገድ እናት የሄደችለት ምግብ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ካልን የኛ ማጀት ላጤን አያውቀውም። ምጣዱን እዩት፤ ወርዱ ከሃምሳ እስከ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ሊጡ ቀናት ያስፈልጉታል፤ እርሾ አለው፣ አብሲት አለው። የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሦስትና አራት ኪሎ ዋት ይጎትታል። ለአንድ ሰው ብሎ ይሄን ሁሉ ማሰናዳት ለአንድ መንገደኛ አውቶቡስ ኮንትራት እንደመያዝ ነው። የተጋገረውም ሦስት አራት ቀን ሲያልፈው ይሻግታል። ዶሮውማ አይነሳ! አሥራ ሁለት ብልት ሆኖ የሚወጣው እያንዳንዱ ብልት ባለቤት ስላለው ነው፤ ፈረሰኛው ለማን፣ መላላጫው ለማን እንደሆነ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ለብቻው ዶሮ ወጥ ሠርቶ አሥራ ሁለቱንም ለራሱ ሲያድል አስቡት።

ነገር ግን ያው ማጀት ለብቸኛ ሰው የሚሆን ነገር አላወጣም ማለት ስም ማጥፋት ነው። ስንቅን ረስተን ነው። ነጋዴው፣ ዘማቹ፣ የቆሎ ተማሪው መንገድ ላይ የሚበላው ከየት የመጣ ነው? በሶ እሳት አይፈልግም። ገብሱ አስቀድሞ ስለተቆላ በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ በትንሽ ውኃ ለውሶ ጨውና በርበሬ ወይም ማር ነካ አድርጎ መብላት ነው። ድርቆሽ ሻጋታ አይደፍረውም፤ ያደረውን እንጀራ በፀሐይ ማድረቅ ነው፤ በትኩስ ወጥ ሲፈረፈር ደግሞ ከአዲሱ የማያንስበት ጊዜ አለ። ዳቦ ቆሎ አለ፤ ቆሎ ከሽምብራ ጋር አለ። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሰው ስንቁን ይዞ ነው የሄደው። የገብስ አገር በሆነው በወሎ ደጋ ደግሞ ይሄን የሚያስተምረው ሰው አያሻም። በሳይንሱም ቢሆን ነገሩ ደህና ነው፤ እህሉ የሚያጥረውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬው ይሞላለታል፤ ለዚህ ነው እንጀራ በሽሮ፣ ቆሎም ከሽምብራ ጋር የተጋቡት።

ሙሽራው የበሶ ጣሳ ነበረው። ጠዋት ሲቸኩል በሶውን በጥብጦ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ሌላው ላጤ በባዶ ሆዱ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እኔ ጣሳ የገዛሁት በሁለተኛው ወር ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ለብቻ መብላት ሁልጊዜ የውርደት ምልክት አልነበረም። በአጼ ምኒልክ ግብር ንጉሠ ነገሥቱ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድ ነበር፤ እሳቸው ከበሉ በኋላ ነው መጋረጃው የሚገለጠውና ሕዝቡ በየተራ የሚስተናገደው። ተራው ሰውም ቢሆን ዓይን ይበላኛል ብሎ ነጠላ ተጋርዶ ይበላ ነበር። መቼም የመምህር ቤት መጋረጃ ሲጋረድ ማንም ግብር አለ አይልም፤ «ምን ሸሽጎ ነው?» ነው የሚለው።

ዛሬ መካነ ሰላም ዩኒቨርሲቲ አላት። ወጣት መምህራን ከየአቅጣጫው መጥተው ክፍል ይከራያሉ። ባለንበት ዘመን እንጀራ በነጠላ ይሸጣል፤ ተጋቢኖ የሚባለው ሽሮ ለአንድ ሰው በምትበቃ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል። ላጤው ከኛ ዘመን የተሻለ መንገድ አለው። ድስት ታቅፎ አልጋ ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ግን አሁንም አለ፤ ልዩነቱ በሌላው እጁ ስልክ መያዙ ነው። እሱም ቢሆን አያሳስበኝም። ላጤነት ያልፋል። ያገባል፣ ይዛወራል፣ ወይም እንደ ሙሽራው ይማራል።

የሚያሳስበኝ እንደገና ላጤ የሆኑት ናቸው።

የአጅባሯ አከራዬ ያኔ ሰባት ሰው ያለበት ቤት ነበር የሚያስተዳድሩት። በሳምንት ሁለቴ ይጋግራሉ፤ ጭሱ በኔ መስኮት ይገባል፤ ከጭሱ በኋላ ትኩስ እንጀራ በበርበሬ ተጠቅልሎ በልጅ እጅ ይመጣል። «መምህር፣ በትኩሱ!» ይላሉ ከደጅ። ከዓመታት በኋላ ባለቤታቸው አረፉ። ትልቁ ልጅ ደሴ፣ ተከታዮቹ አዲስ አበባ፣ የመጨረሻዋ ልጅ ጅዳ ሄዱ። ቤቱ አሁንም ያው ቤት ነው። ምጣዱም ያው ነው። ሰው ነው የሌለው።

ስደውልላቸው መጀመሪያ የምጠይቀው «እማማ፣ ምን በሉ?» ነው።

«ሁሉም ነገር አለ ልጄ፣ ምን ጎድሎብኝ!»

ውሸት አይደለም። ሁሉም ነገር አለ። ጤፉ በማዳበሪያ፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ልጆቻቸው የላኩት ዘይት፣ ሁሉም ጓዳ ውስጥ አለ። ያልጠየቅኳቸው ከጓዳ ወጥቶ ድስት ውስጥ መግባቱን ነበር። አንድ ጊዜ ለሥራ ደሴ ደርሼ እሳቸው ዘንድ ብቅ ስል ምድጃው ላይ ያለው ጀበና ብቻ ነበር። «ለኔ ለብቻዬ ማን ይሠራል? ቡና እጠጣለሁ፣ ቆሎ እቆረጥማለሁ» አሉኝ። ጥርሳቸውን አየሁት፤ ቆሎ የሚቆረጥም ጥርስ አይደለም።

ቡናው የራሱ ነገር አለው። በወሎ ቡና ለብቻ አይጠጣም። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ጎረቤት ይቀመጣል፤ ይመረቃል፤ ወሬ ይወራል። እማማ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሰው መሐል ናቸው። ማንም ብቸኛ ናቸው ብሎ አይጠረጥርም፤ ምግብ እንደማይበሉም ማንም አያይም። ለቡና ጎረቤት ይጠራል፤ ለእራት ግን ሁሉም በየቤቱ ነው። ስኒው ረሃቡን ዝም ያሰኘዋል። ሰው ሲያረጅ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ የሚያስፈልገው ፕሮቲን ግን ከወጣቱ አያንስም። እማማ ደግሞ ከጾሙ ላይ ጾም ጨምረውበታል። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ «ዕድሜ ነው» ይላሉ። ዕድሜ ብቻ አልመሰለኝም።

እንዲህ ያለችን እናት «ራስሽን እንግዳ አድርገሽ አስተናግጂ» ብሎ መምከር ከንቱ ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለሌላ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ለራሳቸው ሽንኩርት አያቁላሉም፤ ሙሽራው ከሃያ አራት ዓመቱ ጀምሮ ነው የተለማመደው። እሳቸው የሚሠሩት የሚበላ ሰው ካለ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚበላ ሰው መገኘት ነበረበት።

ያገኘችው ጎረቤታቸው ናት። ሙስሊም ናት፤ እሷም ልጆቿ ሄደውባት ለብቻዋ ናት። አንድ ሳምንት እማማ ይጋግሩና ግማሹን ይልካሉ፤ በሚቀጥለው ጎረቤታቸው ትጋግራለች። የሚለያቸው ሥጋው ብቻ ነው፤ እሱም በዓመት ስንቴ ይገጥማል? በረመዳን የጎረቤቲቱ ማፍጠሪያ ሾርባ ለእማማም ይደርሳል፤ በጾሙ ደግሞ የእማማ ስልጆ አጥር ይሻገራል። የላኩትን ሰሃን ባዶውን መመለስ ደግሞ በአገሩ ነውር ስለሆነ፣ በሁለቱም ቤት በግድ አንድ ነገር ይሠራል። ይህን ማንም አላዘዛቸውም። አንዷ አንድ ቀን የሽሮ ሰሃን ላከች፤ ሌላዋ መመለስ ነበረባት፤ በቃ።

የጅዳዋ ልጅ ደግሞ የራሷ ዘዴ አላት። እሷም የምትበላው ለብቻዋ ነው፤ አሠሪዎቿ በልተው ከተነሱ በኋላ ማድቤት ውስጥ። ታዲያ ኔትወርክ ሲኖር (መጥፋቱ ስንት ወር እንደሚፈጅ የአገሩ ሰው ያውቀዋል) ሳህኗን ይዛ በኢሞ ትደውላለች። ስልኩን የጎረቤት ልጅ ነው የሚከፍትላቸው። ባለፈው እኔ እያለሁ ደወለች።

«እማዬ፣ ምን በላሽ?»

«ሁሉም ነገር አለ።»

«እሱን አላልኩሽም። ድስቱን አሳዪኝ።»

እማማ ስልኩን እንዴት እንደሚያዞሩ ግራ ገብቷቸው ጣሪያውን፣ ከዚያ የኔን ጉልበት፣ ከዚያ ምድጃውን አሳዩአት። ክዳኑን ከፈቱ። ሽሮ ነው፤ ይንተከተካል።

«እሰይ! ቅቤ ጣል አድርገሽበታል?»

«ውይ አንቺ ልጅ፣ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!»